የአይጥ ሶክስ2 ፕሮቲን ገዛን፤ ጄል ላይ ያማረ ነው፣ ዲኤንኤ ግን አልይዝ አለ

የጣና_ልጅ
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ቤት ፕሮቲን የሚነካካ ሰው እንዳለ ስላየሁ ነው የምጽፈው። በእንግሊዝኛ ለሁሉም ማስረዳት ደክሞኛል፤ እስቲ በአማርኛ ልተንፍስ።

ጀርመን አገር ፒኤችዲ ላይ ነኝ። ላባችን የአይጥ አንጎል ስቴም ሴሎችን ነው የሚያጠናው። አንድ ኢንሃንሰር፣ ማለትም ጂን የሚያስነሳ የዲኤንኤ ቁራጭ፣ ይዣለሁ፤ ሶክስ2 የሚባለው ትራንስክሪፕሽን ፋክተር (ዲኤንኤ ይዞ ጂን የሚያዝ ፕሮቲን) እላዩ ላይ እንደሚቀመጥ ከቺፕ-ሴክ ዳታው (ሴል ውስጥ ፕሮቲን የት ዲኤንኤ ላይ እንዳለ ከሚያሳየው) ይታያል። አማካሪዬ ግን «ሴል ውስጥ ስንት ነገር አለ፣ ሶክስ2 ራሱ ዲኤንኤውን ይዞት ነው ወይስ ሌላ ፕሮቲን ጎትቶ አምጥቶት? ሁለቱን ብቻቸውን ቱቦ ውስጥ አገናኝተሽ አሳዪኝ» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ምን ይባላል።

ስለዚህ ሪኮምቢናንት፣ ማለትም ሌላ ሕዋስ ውስጥ የተመረተ፣ የአይጥ ሶክስ2 አዘዝን። ኢ. ኮላይ በምትባለው ባክቴሪያ ውስጥ የተመረተ፣ ሙሉ ርዝመት፣ አንድ ጫፉ ላይ ሂስ ታግ (ለማጥራት የሚቀጠል አጭር ጭራ) ያለው፣ ንጽሕናው ከ90 በመቶ በላይ። ሲመጣ ኤስዲኤስ ጄል ላይ ጫንኩት፤ ኩማሲ ስቀባው ከ37 ኪሎዳልተኑ ማርከር አጠገብ አንድ ጥርት ያለ ባንድ ሰጠኝ። ዌስተርን ሠራሁ፣ በሶክስ2 አንቲቦዲ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ደስ አለኝ።

ከዚያ ጄል ሺፍት፤ ፕሮቲን የያዘው ዲኤንኤ ጄል ላይ ዘግይቶ ከነፃው በላይ የሚታይበት ሙከራ። ባዮቲን የሚባል ምልክት ያለበት 30 ቤዝ ጥንድ ፕሮብ (አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ)፣ ፖሊ ዲአይ-ዲሲ (ልዩ ያልሆነ መያዝን የሚሸፍን ሰው ሠራሽ ዲኤንኤ)፣ 100 ናኖግራም ፕሮቲን በ20 ማይክሮሊትር ውስጥ። ነፃው ፕሮብ እታች ቁጭ ብሏል፣ ከሱ በላይ ምንም ባንድ የለም። ፕሮቲኑን ሳበዛው ደግሞ ነፃው ፕሮብ ትንሽ ይቀንስና ጄሉ አናት ላይ፣ ጉድጓዱ ውስጥ፣ ጥቁር ነገር ተለጥፎ ይቀራል። ድርጅቱን ጠየቅኳቸው፤ «ምርታችን የጥራት ፍተሻውን አልፏል» ብለው ያንኑ የኩማሲ ፎቶ ላኩልኝ።

ፕሮቲኑ ሞቷል ማለት ነው? የሰውን ሶክስ2 ባዝዝስ ይሻል ይሆን? እንደገና ለማዘዝ አማካሪዬን መለመን ሊኖርብኝ ነው፤ በክብደት ከወርቅ ይወደዳል እኮ ይሄ ነገር።

ኮልድሩም
እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ዳታሺቱን አውጪና ሁለት መስመር ገልብጠሽ ለጥፊልን። አንዱ በፈሩ ነው። ሌላው «የሚያገለግለው ለ» የሚለው። ብዙ ሰው ንጽሕናውን አይቶ ካታሎጉን ይዘጋል፣ ነገሩ ያለው ግን እነዚህ ሁለት መስመሮች ላይ ነው።

የሰውና የአይጥ ጉዳይ አያስጨንቅሽ። የአይጡ 319 አሚኖ አሲድ ነው፣ የሰው 317። ዲኤንኤ የሚይዘው ክፍል፣ ማለትም ኤችኤምጂ ቦክሱ፣ በሁለቱ አንድ ዓይነት ነው። የአይጡ ካልሠራልሽ በተመሳሳይ መንገድ የተመረተው የሰውም አይሠራልሽም።

የጣና_ልጅ
በፈር፦ 20 ሚሊሞላር ትሪስ፣ ፒኤች 8፣ 0.4 ሞላር ዩሪያ፣ 10 በመቶ ግሊሰሮል።
የሚያገለግለው፦ ለኤስዲኤስ-ፔጅ።
ሌላ ምንም አይልም። አሁን ሳየው ትንሽ ደነገጥኩ።

ጋሽ_በፈር
ልጄ፣ እንደምን ነሽ። ኮልድሩም ቦታውን ነው የነካው። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት ፕሮቲን በማጥራት ነውና ትንሽ ላርዝም፣ ታገሺኝ።

ዩሪያ የሚለውን አየሽው? እኛ አገር ገበሬው ማሳ ላይ የሚበትነው ዩሪያ ነው፤ ኬሚካሉ አንድ ነው። ላብ ውስጥ ግን ሥራው የፕሮቲንን እጥፋት መፍታት ነው። ኢ. ኮላይ የማታውቀውን ፕሮቲን በገፍ አምርቺ ስትባል ብዙ ጊዜ በቅጡ ሳይታጠፍ ትከምረዋለች፤ ሆዷ ውስጥ ኢንክሉዥን ቦዲ የሚባል ጠጣር ክምር ይሆናል። አምራቹ ያንን ክምር በ8 ሞላር ዩሪያ ያሟሟዋል፣ በኒኬል ኮለም ያጠራዋል፣ ከዚያ ዩሪያውን ቀስ በቀስ እየቀነሰ ፕሮቲኑ መልሶ እንዲታጠፍ ያደርጋል። 0.4 ሞላር ቀርቶ ካየሽ ያንቺም በዚህ መንገድ ሳይመጣ አልቀረም።

አሁን ልብ በይ። 0.4 ሞላር ዩሪያ በራሱ የታጠፈን ፕሮቲን አይፈታም። ጥያቄው መልሶ ሲታጠፍ ስንቱ በትክክል ታጠፈ ነው፤ ይህን ደግሞ ማንም አልለካልሽም። ኤስዲኤስ ጄል ፕሮቲኑን ራሱ ፈትቶ ነው የሚያስኬደው፣ ዌስተርኑም ያንኑ የተፈታ ነገር ነው የሚያነበው። ሹሩባ ፈትተሽ ፀጉሩን ብትመዝኚው ክብደቱ ያው ነው፤ ሹሩባ ግን የለም። ድርጅቱም አልዋሸሽም። ለኤስዲኤስ-ፔጅ አለ፣ ለኤስዲኤስ-ፔጅ ሠራ። እንዲህ ዓይነቱ ፕሮቲን ለዌስተርን ማነጻጸሪያ ወይም አንቲቦዲ ለማስወለድ ይበቃል። ዲኤንኤ ለማስያዝ ስትፈልጊ ዳታሺቱ ላይ «ዲኤንኤ መያዙ ተፈትኗል» የሚል ነገር፣ ቢቻል ከነጄሉ ፎቶ ፈልጊ። ከሌለ ጽፈሽ ጠይቂ። መልሱን ካድበሰበሱት መልሱ እሱ ነው።

ቢሆንም ቱቦውን አትጣይው። መጀመሪያ በ4 ዲግሪ፣ በሴንትሪፊውጁ ከፍተኛ ፍጥነት፣ ለ20 ደቂቃ አዙሪው። ከዚያ የላይኛውን ፈሳሽ ብቻ ወስደሽ እንደገና ለኪ። ጉድጓዱ ውስጥ የሚቀረው ጥቁር ነገርሽ የተጓጎለ ፕሮቲን ዲኤንኤሽን አፍኖ ይዞት እንደሆነ እጠረጥራለሁ፤ የተጓጎለ ነገር ጄል ውስጥ አይገባም። ስትለኪ በ280 ናኖሜትር ብርሃን ብቻ አታንብቢ፣ 260ንም እይ። የንጹሕ ፕሮቲን የ260 ለ280 ንባብ 0.6 አካባቢ ነው። 1ን ካለፈ ፕሮቲንሽ የባክቴሪያ ዲኤንኤ ወይም አርኤንኤ ታቅፎ መጥቷል። ኤችኤምጂ ቦክስ ፖዘቲቭ ቻርጁ ብዙ ስለሆነ ይህን በጣም ይወዳል፤ ሲጠራ በ1 ሞላር ጨው በደንብ ካልታጠበ ወይም ሄፓሪን ኮለም ላይ ካላለፈ የኮላይዋን ዲኤንኤ ይዞ ቁጭ ይላል፣ ላንቺ ፕሮብ እጅ አይኖረውም።

ሁለተኛው ነገር ፖሊ ዲአይ-ዲሲ ነው። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። የዲኤንኤ ጠመዝማዛ ትልቅና ትንሽ ግሩቭ፣ ማለት ቦይ፣ አለው፤ ሶክስ2 ዲኤንኤውን የሚይዘው በትልቁ ግሩቭ በኩል አይደለም፤ በትንሹ በኩል፣ በማይነር ግሩቭ ገብቶ በኃይል ያጎብጠዋል። የኢኖሲንና የሳይቶሲን ጥንድ ደግሞ በትንሹ ግሩቭ በኩል ሲታይ ልክ እንደ ኤና ቲ ጥንድ ነው፣ ምክንያቱም ጓኒን እዚያ ላይ ያላት አሚኖ ግሩፕ ኢኖሲን ላይ የለም። ስለዚህ «ልዩ ያልሆነውን ይሸፍንልኛል» ብለሽ የጨመርሽው ፖሊ ዲአይ-ዲሲ ራሱ ሶክስ2ን ይሻማሻል። በሱ ፈንታ ፖሊ ዲጂ-ዲሲ ተጠቀሚ። ለሶክስ፣ ለዘመዶቹ ለኤስአርዋይና ለሌፍ1፣ እንዲሁም ለታታ ቦክስ ያዡ ፕሮቲን የሚሻለው እሱ ነው።

ሦስተኛ፣ የራስሽን ኢንሃንሰር ይዘሽ አትጀምሪ። መያዙ የታወቀ ነገር ይዘሽ ጀምሪ። የኤፍጂኤፍ4 ጂን ኢንሃንሰር አለ፤ ኦክት4 የሚባል ሌላ ትራንስክሪፕሽን ፋክተርና ሶክስ2 ጎን ለጎን እንደሚቀመጡበት ከ1995 ጀምሮ ይታወቃል። የሶክሱ ቦታ ሲ-ቲ-ቲ-ቲ-ጂ-ቲ-ቲ ነው፤ ከሱ 3 ቤዝ ዘሎ የኦክቱ ቦታ ይመጣል። እሱን አሠሪና ከጎኑ የሶክሱን ቦታ ያበላሸሽበትን ሁለተኛ ፕሮብ አሠሪ። በዚህ ላይ ካልሠራ ፕሮቲኑ ነው፤ ከሠራና ያንቺው ላይ ካልሠራ ግን ጥያቄው ሌላ ነው።

ኮልድሩም
ጋሼ፣ በፖሊ ዲአይ-ዲሲው ትንሽ አልስማማም ቢቆጡም። እኛ ላብ በሱ የሶክስ ጄል ሺፍት እንሠራለን፣ ይወጣል።

ጋሽ_በፈር
አልቆጣም የኔ ልጅ። ይወጣል፣ ትንሽ ብቻ ካደረግህና ፕሮቲንህ ጤነኛ ከሆነ። እሷ ግን ስንቱ ሕያው እንደሆነ በማይታወቅ ፕሮቲን ላይ ነው ያለችው። ተሻሚ በበዛበት ቦታ ደካማውን መጀመሪያ መፈተን ምን ይጠቅማል?

ኮልድሩም
እሺ፣ ይሁን።

ለጣና ልጅ፣ ጋሼ ካሉት ላይ ቁጥሩን ልጨምርልሽ። 100 ናኖግራም አደረግሽ ብለሻል። ፕሮቲኑ ከነታጉ 36 ኪሎዳልተን ነው ብንል ወደ 2.8 ፒኮሞል ይሆናል፤ በ20 ማይክሮሊትር ውስጥ 140 ናኖሞላር አካባቢ። ጥሩ የሶክስ ቦታ ላይ ሶክስ2 በጥቂት ናኖሞላር ነው የሚይዘው። እንግዲህ ሙሉው ፕሮቲን ሕያው ቢሆን ኖሮ ፕሮብሽ በሙሉ ወደ ላይ በወጣ ነበር። ፕሮቲን መጨመር አቁሚ ማለቴ ነው። መጨመር የተጓጎለውን ነው የሚያበዛልሽ።

ጄሉንም እንዳትረሺ፦ 5 ወይም 6 በመቶ፣ ኤስዲኤስ የሌለው፣ በ0.5 ቲቢኢ፣ ናሙና ሳይጫን ግማሽ ሰዓት ቀድሞ የሮጠ፣ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ። ዲቲቲው የዛሬ ይሁን፣ አምና የተበጠበጠ አይሁን። ፕሮቲኑን ቮርቴክስ አታድርጊ፣ በጣትሽ ነካ ነካ አድርጊው እንጂ። ስትቀንሺው ደግሞ ንጹሕ በፈር ብቻ ውስጥ አትጨምሪው፤ ትንሽ ቢኤስኤ ከሌለ ግማሹ የቱቦው ግድግዳ ላይ ነው የሚቀረው።

ቢኤል21
ከአዲስ አበባ ነኝ። ሰላም ለዚህ ቤት።

የእህታችን ችግር ለኛ ቅንጦት ነው፣ አትቀየሙኝ። እሷ ታዛለች፣ በደረቅ በረዶ ታሽጎ በሁለተኛው ቀን በሯ ላይ ይደርሳል። እኛ ጋ መጀመሪያ ፕሮፎርማ፣ ከዚያ የውጭ ምንዛሪ፣ ከዚያ አስመጪው፣ ከዚያ ዕቃው ቦሌ ሲደርስ ወረቀት ሲያሯሩጡን ደረቅ በረዶው እየተነነ ያልቃል። በፈሳሽ መልክ የሚመጣ፣ ሰማንያ ከዜሮ በታች ካልሆነ የሚበላሽ ፕሮቲን እንዲህ ባለ መንገድ መጥቶ ሕያው ነው ብሎ ማሰብ ይከብዳል። ስለዚህ የኔ ጥያቄ ሌላ ነው፦ በዱቄት መልክ፣ ማለት በረዶ ሆኖ የደረቀውን ማዘዝ ያዋጣል? ወይስ ራሳችን ብናመርተው ይሻላል? ባክቴሪያ ማሳደጊያ ሼከር አለን፣ የኒኬል ኮለም አለን፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተርም አለ (አንዳንዴ ናፍጣም ይኖረዋል)።

ጋሽ_በፈር
ቢኤል21፣ ራሳችሁ አምርቱት። ያለ ማመንታት።

ዱቄቱ መንገድ ይችላል፣ እውነት ነው፤ ግን ሲደርቅም ሲሟሟም የሚጎዳው አለ፣ ደግሞም ትራንስክሪፕሽን ፋክተር ለዚህ ስስ ነው። ፕላዝሚድ ግን ደረቅ በረዶ አያስፈልገውም። አሜሪካ ማሳቹሴትስ ያለው አድጂን የሚባለው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ፕላዝሚዱን ባክቴሪያ ውስጥ አድርጎ አጋር ላይ ወግቶ በተራ የቤት ሙቀት ነው የሚልከው። የጃፓኑ ሳይንቲስት ያማናካ የተጠቀመበት የአይጥ ሶክስ2 ራሱ እዚያ አለ። እሱ ለአይጥ ሴል በሬትሮቫይረስ ቬክተር የተሠራ ስለሆነ ለኮላይ አይሆንህም፤ በፒሲአር አውጥተህ ፔት ቬክተር (ኮላይ ውስጥ ፕሮቲን ለማምረት የሚያገለግል ፕላዝሚድ) ውስጥ ታስገባዋለህ። አንዴ ከሠራህ ፍሪዘርህ ውስጥ ያለ ግሊሰሮል ስቶክ ነው፤ ምንዛሪ አይጠይቅህም።

ሙሉውን ርዝመት ግን አትድከምበት። ሶክስ2ን ዘርግተህ ብታየው በደንብ የሚታጠፈው ኤችኤምጂ ቦክሱ ብቻ ነው፤ ከመጀመሪያው ጫፍ 40 አሚኖ አሲድ ያህል አለፍ ብሎ የሚጀምር፣ ርዝመቱ 80 ገደማ የሆነ፣ ሦስት ሄሊክስ ያለው ኤል ቅርጽ ነገር። ቀሪው፣ በተለይ ወደ መጨረሻው ጫፍ ያለው፣ ቋሚ ቅርጽ የሌለው ረጅም ጅራት ነው። ሴል ውስጥ ጂን የሚያስነሳው እሱ ነው፣ ኮላይ ውስጥ ግን እሱ ነው የሚያጓጉልህ፣ ፕሮቲኤዝም የሚቆርጥልህ እሱን ነው። ዲኤንኤ ይይዛል ወይስ አይይዝም ለሚል ጥያቄ ቦክሱ ብቻ ይበቃል። ሴሉን 37 ላይ አሳድገህ፣ ኦዲ (የባክቴሪያው ድፍርስነት ልክ) 0.6 ሲደርስ ወደ 18 ዲግሪ አውርደህ፣ በትንሽ አይፒቲጂ (ምርቱን በሚያስጀምረው ኬሚካል) ሌሊቱን ታሳድረዋለህ። ኮለሙ ላይ ሳለ በ1 ሞላር ጨው እጠበው፤ ከላይ ያልኩትን የባክቴሪያ ዲኤንኤ እዚህ ላይ ነው የምታራግፈው። ከዚያ ሄፓሪን ካለህ ሄፓሪን። ሲያልቅ በትንንሽ ቱቦ ከፋፍለህ፣ ግሊሰሮል ጨምረህ አቀዝቅዘው፣ አንዴ የቀለጠውን ቱቦ መልሰህ አታቀዝቅዘው።

መብራት እንዳይጠፋብህ ብቻ ሌሊቱን ሼከሩን ዩፒኤስ ላይ አድርገው። 18 ዲግሪው ወደ 25 ቢወጣ ቦክሱ ብዙም አይጎዳም፤ ሼከሩ ከቆመ ግን ሴሎቹ አየር ያጥራቸዋል፣ ያ ይጎዳል።

ሜሪ_ስቴም
እኔ ደግሞ ከጎን ልግባ፤ ጥያቄዬ ትንሽ የዋህ ከሆነ አትሳቁብኝ። ያማናካ በ2006 አራቱን ፋክተሮች የአይጥ የቆዳ ሴል ውስጥ አስገብቶ ወደ ስቴም ሴል መለሰው አይደል? ኦክት4፣ ሶክስ2፣ ኬኤልኤፍ4፣ ሲ-ሚክ። ኖቤሉም በ2012 መጣ። ታዲያ አራቱንም በሪኮምቢናንት ፕሮቲን ገዝቼ ሴሎቹ ላይ ባፈስሰውስ? ቫይረስ የለ፣ ጂን ማስገባት የለ።

ኮልድሩም
ሜሪ፣ የሚያስቅ ነገር የለውም፤ ሰዎች ሠርተውታል እኮ። በ2009 የሼንግ ዲንግ ላብ ሰዎች አሜሪካ ውስጥ ይህንኑ በአይጥ ሴል ላይ አደረጉት። ፕሮቲኖቹን ኮላይ ውስጥ አምርተው፣ ከኢንክሉዥን ቦዲ አውጥተው፣ መልሰው አጣጥፈው ነው ያፈሰሱት። ግን ዝም ብለው አይደለም። ፕሮቲን ብቻውን የሴል ሽፋን አያልፍም። በእያንዳንዱ ፕሮቲን ጫፍ ላይ 11 አርጂኒን ደረደሩበት፣ እሱ ነው የሚያስገባው። ሌሊት እየጨመሩ፣ ከዚያ እያሳረፉ ደጋገሙት፤ ቫልፕሮይክ አሲድም አገዛቸው። እንዲያም ሆኖ ከብዙ አሥር ሺህ ሴል ውስጥ የወጡት ኮሎኒዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን በ9 አርጂኒን በሰው ሴል ላይ አሳየ፣ እሱም አዝጋሚ ነበር።

ስለዚህ የጣና ልጅ የገዛችውን ዓይነት ቱቦ ሴል ላይ ብታፈስሺ ምንም አይሆንም። አይ፣ ይሆናል፤ ከኮላይ የመጣ ስለሆነ ኢንዶቶክሲን (የባክቴሪያ ሽፋን መርዝ) አለበት፣ ሴሎችሽ ይታመማሉ። ለሴል የሚሆነው ኢንዶቶክሲኑ የተለካ፣ አርጂኒን ወይም ታት የሚባል ወደ ሴል አስገቢ ቁራጭ የተቀጠለለት ነው፤ ካታሎግ ላይ ለብቻው ተጽፎ ታገኚዋለሽ። ገብቶም ቢሆን አብዛኛው ኢንዶሶም (ሴሉ የዋጠውን የሚይዝበት ከረጢት) ውስጥ ታስሮ ነው የሚቀረው። ዛሬ ያለ ቫይረስ ለሚፈልግ ሰው ሴንዳይ ቫይረስ (ስሙ ቫይረስ ነው፣ ግን ጂኖም ውስጥ አይገባም) ወይም ኤምአርኤንኤ ይቀላል። ፕሮቲኑ ያምራል እንጂ መንገዱ ረጅም ነው።

ሜሪ_ስቴም
ገባኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ገንዘቤን አተረፍክልኝ።

የጣና_ልጅ
ተመልሻለሁ። ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ኮልድሩምም ተባረክ።

ያሉኝን አደረግሁ። ቱቦውን ሳዞረው እታች ነጭ ነገር ተቀመጠ፣ በዓይን የሚታይ። የላይኛው ፈሳሽ ሲለካ ከተጻፈው ከግማሽ በታች ነው የቀረው። 260 ለ280ው ደግሞ 0.9፤ ደህና አይደለም ግን የፈራሁትን ያህልም አልከፋም። ፖሊ ዲጂ-ዲሲውን ከጎረቤት ላብ ለመንኩ። የኤፍጂኤፍ4 ፕሮቡን ከነብልሹው አሠራሁ።

ወጣ! ደካማ ነው፣ ግን ባንድ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ጠፍቷል ማለት ይቻላል። ባዮቲን የሌለውን ያንኑ ፕሮብ 100 እጥፍ ስጨምር ባንዱ ጠፋ፤ ብልሹውን በዚያው መጠን ስጨምር ግን ባንዱ ሳይጠፋ እንዳለ ቀረ። አማካሪዬ ስታየው «እንግዲህ አሁን እንነጋገር» አለች፣ ይህ ከሷ አፍ ትልቅ ነገር ነው።

ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ ከዚህ ፕሮቲን ስንት በመቶው ሕያው እንደሆነ እንዴት ላውቅ? ሁለተኛ፣ የራሴ ኢንሃንሰር ላይ ባንዱ አለ፣ ግን ከኤፍጂኤፍ4ው በጣም ያነሰ ነው። ይህ መያዝ ይባላል?

ጋሽ_በፈር
ጎበዝ የኔ ልጅ።

የመጀመሪያው ቀላል ነው። ፕሮቡን በጣም አብዢው፤ መያዣ ቋሚው (ግማሹ ዲኤንኤ የሚያዝበት የፕሮቲን መጠን) ጥቂት ናኖሞላር ከሆነ አንቺ 200 ናኖሞላር አድርጊው፣ አብዛኛውን ባዮቲን የሌለው፣ ጥቂቱን ያለው። ከዚያ ፕሮቲኑን ደረጃ በደረጃ እየጨመርሽ ነፃው ፕሮብ የት ላይ እንደሚያልቅ እይ። በዚህ ሁኔታ እያንዳንዱ ሕያው ፕሮቲን አንድ ዲኤንኤ ይዞ ይቀመጣል። ነፃው ፕሮብ ያለቀው በ200 ናኖሞላር ፕሮቲን ከሆነ ሙሉው ሕያው ነው። 1000 ከፈጀብሽ 20 በመቶው ብቻ ነው የሚሠራው። ከዚያ በኋላ ማንኛውም የመያዣ ቋሚ ስትጽፊ በሕያው መጠን ነው የምታሰዪው፤ በናኖድሮፕ ንባብ አስልተሽ ከጻፍሽ ገምጋሚው ያገኝሻል።

ሁለተኛው የበለጠ ይጥመኛል። ሶክስ2 ብቻውን ብዙ ቦታ ላይ ደካማ ነው፤ ጓደኛ ይፈልጋል። ኤፍጂኤፍ4 ላይ ጓደኛው ኦክት4 ነው። ያንቺ ሴሎች ግን የአንጎል ናቸው፣ ኦክት4 የላቸውም። እዚያ ያለው ጓደኛ የኦክት4 ዘመድ የሆነው ብሪን2 ነው፤ የኔስቲን ጂን ኢንሃንሰር ላይ ሶክስ2 አጠገብ የብሪን2 ቤተሰብ ፕሮቲን እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው። ስለዚህ ኢንሃንሰርሽን ከሶክሱ ቦታ ግራና ቀኝ አሥር ቤዝ ያህል በጥንቃቄ አንብቢ፤ ኤ-ቲ-ጂ-ሲ-ኤ-ኤ-ኤ-ቲ የሚመስል ነገር ካለ ፕሮብሽን እሱን እንዲጨምር አርዝሚው። ብሪን2ን አምጪና ሁለቱን ለየብቻ፣ ከዚያ አብረሽ ሞክሪ። አንድ ላይ ሲሆኑ ከሁለቱም በላይ የሆነ፣ ቀስ የሚል ሦስተኛ ባንድ ከመጣ፣ ሶክስ2ም በትንሽ መጠን መያዝ ከጀመረ፣ ያ ከአማካሪሽ ጥያቄ በላይ የሆነ መልስ ነው።

ብሪን2ን ስትገዢ ግን «የሚያገለግለው ለ» የሚለውን መጀመሪያ አንብቢልኝ።

የጣና_ልጅ
ሃሃሃ፣ እሺ ጋሼ። ኤ-ቲ-ጂ-ሲ-ኤ-ኤ-ኤ-ቲ የሚመስል ነገር አለ፣ በአንድ ቤዝ ብቻ የሚለይ! ፕሮቤ እሱ ላይ ሳይደርስ ነው የተቆረጠው።

ቢኤል21
እኔም አንድ ጥያቄ ላስቸግር። ኤችኤምጂ ቦክሱን ብቻ ካመረትን፣ ባንዱ በእውነት ሶክስ2 መሆኑን በአንቲቦዲ ሱፐርሺፍት (አንቲቦዲ ሲጨመርበት ባንዱ ይበልጥ ወደ ላይ በመውጣቱ) እናሳያለን ብለን ነበር። ላባችን ያለው የሶክስ2 አንቲቦዲ ይሠራል?

ኮልድሩም
አንቲቦዲው የተሠራበትን የፕሮቲን ክፍል ዳታሺቱ ላይ እይ። ብዙዎቹ የሶክስ2 አንቲቦዲዎች የመጨረሻውን ጫፍ ነው የሚያውቁት፣ ማለትም አንተ ቆርጠህ የጣልከውን ጅራት። እንደዚያ ከሆነ ቦክሱን አያዩትም፤ ሱፐርሺፍት አይመጣም፣ አንተም በከንቱ ትጨነቃለህ። ሂስ ታጉን አትቁረጠው፤ ለታጉ የተሠራ አንቲቦዲ ተጠቀም። ቦክሱን ራሱን የሚይዝ አንቲቦዲ ደግሞ ብታገኝ ዲኤንኤውን ሊያስለቅቀው ስለሚችል ባንዱ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ መጥፋት ሊሄድ ይችላል፤ እሱም መልስ ነው፣ ግን በዚያው መጠን ተራ አይጂጂ (ሶክስ2ን የማያውቅ አንቲቦዲ) ያለበት መስመር ከጎኑ አስቀምጥ።